ደውለህ ሂድ

የፊታችን ሐሙስ ማታ ለክብሬ የራት ግብዣ ይደረጋል። አራት መቶ ሰው ይመጣል፤ ዶሮው እንደ ልማዱ ይደርቃል፣ ንግግሩም እንደ ልማዱ ይረዝማል። ከራቱ በኋላ የእርዳታ ድርጅታችን ቦርድ ሊቀመንበር ማርቪን ሾትላንድ ወደ መድረክ ጠርቶ የናስ ሰሌዳ ያስረክበኛል። ቃሉን ትናንት በስልክ አነበበልኝ፦ «አርሊን ፖክራስ፣ ሠላሳ ዓመት ፊት ሳታይ የሰጠች።» አንብቦ ሲጨርስ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁት። የቤት ዕቃ ነጋዴ ሆኖ እንባው ቅርብ ነው። በማግስቱ ሰሌዳው በመሥሪያ ቤታችን መግቢያ፣ ከመዝጊያው በስተቀኝ ይሰቀላል።

ናሱ ላይ የማይጻፈውን እኔ እዚህ እጽፈዋለሁ። ቆንጆ ነገር አይደለም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ሞቶ ነበር፤ እናቴ ኮት ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ እየተከለች ታሳድገናለች። የምንኖረው እዚሁ ክሊቭላንድ፣ መቶ አምስተኛው መንገድ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። የኛ የአይሁዶች ፋሲካ ሲቃረብ ከአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር አንዲት ባለ ጸጉር ካፖርት ሴት መጣች። ደረጃው ላይ ቆማ «እርዳታ የጠየቀችው ሴትዮ ቤት የትኛው ነው?» ብላ ስትጣራ ሕንጻው በሙሉ በር ከፍቶ ወጣ። ገባች፣ መደርደሪያውን ከፈተች፣ እንቁላላችንን ቆጠረች። ከዚያ ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ከፍታ አሸተተች። «ሥጋ አላችሁ እኮ» አለች። የበሬ አንገት አጥንት ነበር። ሴትዮዋ ስትወጣ እናቴ ክዳኑን በሽቦ ስትፈትግ አመሸች፤ በዚያ ድስት ዳግመኛ አልተቀቀለም።

ስለዚህ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ የድርጅቱ ዳይሬክተር ስሆን የጻፍኩት የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነበር፦ የፋሲካ ሣጥን የሚያደርስ ሰው ሣጥኑን ደጃፍ ላይ ያስቀምጣል፣ ይደውላል፣ በሩ ሳይከፈት ይሄዳል። በሚሰጠው ወረቀት ላይ የሕንጻው ቁጥርና የበሩ ፊደል እንጂ ስም የለም። ሰጪው ተቀባዩን አያይም፣ ተቀባዩም ሰጪውን። በስውር መስጠት የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ሲያከብረው የኖረ ነገር ነው። እኔ ያደረግሁት የመሥሪያ ቤት ደንብ ማድረግ ነው። ከሌሎች ከተሞች እየመጡ አይተው ሄዱ፣ ደንቡን ገልብጠው ወሰዱ። ኮራሁ፤ መኩራቴን አልክድም።

በጎ ፈቃደኞቹን በመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ እያሯሯጥኩ አሠለጥናቸው ነበር። ሶል ክራምኒክ የሚባል ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፎ እያለከለከ፣

«አርሊን፣ አርባ ዓመት የሰው ጥርስ ስነቅል ኖሬ እንዲህ ሸሽቼ አላውቅም» አለኝ።

«መሸሽ ነበረብህ። የኔን መንጋጋ ያበላሸኸው አንተ አይደለህ?»

«ደግሞ ጫማዬ ይንጫጫል። ይሰሙኛል።»

«እንግዲያው በካልሲ ሩጥ።»

በካልሲ ሮጠ። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እንዲህ ያለ ደግ ዘመን ነበር፤ ወይም ለኔ ደግ ነበር።

ተቀባዮቹም ደንቡን ተማሩ። ቴይለር ጎዳና ላይ ባሉት አሮጌ ሕንጻዎች በአንድ ፎቅ ላይ ሦስት ሣጥን ሊቀመጥ ይችላል። የጎረቤቱን ሣጥን ያየ እንዳላየ ሆኖ ያልፋል፤ ማንም ስለ ሣጥን አያነሳም። ይህን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ማንም የማንንም ድስት አይከፍትም ማለት ነው አልኩ።

ከአራት ዓመት በፊት በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ናኦሚ ዌክስለር እጇን አወጣች። በቴይለር ጎዳና ያሉትን አረጋውያን የምትከታተል ሶሻል ወርከር ናት፤ ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ብርቱካን ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዝ ልጅ።

«አርሊን፣ በሩ እስኪከፈት ብንጠብቅስ?» አለች።

«ለምን ሲባል?»

«እነዚህ ሰዎች እኮ ሰማንያ፣ ዘጠና ዓመታቸው ነው። ሰው እንዳያያቸው ብለን እንጨነቃለን፤ እነሱ ግን የሚያያቸው ሰው ነው ያጡት። ወይዘሮ ሊክተርን እንደ ምሳሌ ይውሰዱ። በሳምንት ውስጥ የሚያዩት ሰው እኔን ብቻ ነው።»

እዚያ ላይ «እናስብበት» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

«የኔ እመቤት፣ አንቺ ያደግሽው ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ውርደትን የምታውቂው ከመማሪያ መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን ሰው ቤትሽ ገብቶ ድስትሽን ከፍቶ ሲያሸትልሽ፣ ያኔ ተመልሰሽ ትመክሪኛለሽ።»

ክፍሉ ሳቀ። ናኦሚ እስከ ጆሮዋ ቀላች፣ እስክሪብቶዋን ከፍታ ዘጋች። ሰው በኔ ቀልድ ሲስቅ ይጥመኛል፤ የዚያን ቀንም ጣመኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፋሲካ ዓርብ ማታ ሊገባ ረቡዕ ዕለት ሣጥን እናድል ነበር። ጠዋት ሶል በጉንፋን የተዘጋ ድምፁን ይዞ ደወለ።

«አርሊን፣ ዛሬ አልጋ ላይ ነኝ። ብነሳ የማደርሰው ቂጣ ሳይሆን በሽታ ነው።»

«ተኛ። መንገድህን እኔ እይዘዋለሁ።»

«አንቺ? ሦስተኛ ፎቅ አለው እኮ።»

«ሦስተኛ ፎቅ ተወልጄ ያደግሁበት ነው።»

ስድሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ደስ እያለኝ ሄድኩ። ዳይሬክተር ከሆኑ በኋላ ሣጥን መሸከም ይቀራል፤ ጠረጴዛና ስብሰባ ብቻ ነው። ዝናብ ያካፋል፣ ከሐይቁ በኩል ነፋስ አለ። ስድስት ቤት ነበረኝ፤ የመጨረሻው ቴይለር ጎዳና፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው በር። ሣጥኑ ውስጥ ቂጣ፣ በጠርሙስ የታሸገ አሳ፣ አንድ ደርዘን እንቁላል፣ የወይን ጭማቂና በፋሲካ የሚበላው መራራ ሥር አለ። በእርጋታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። ደወልኩ።

መጀመሪያ ጸጥ አለ። ከዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ፣ ቀጭን ግን ጥርት ያለ፣ በእናቴ ቋንቋ በይዲሽ፣

«ቆዩኝ» አለ። «እባካችሁ ቆዩኝ።»

አሮጊት ነገር ጫማዋን እየጎተተች ልትከፍትልኝ፣ ልታመሰግነኝ ነው አልኩ። እንደዚያ የሚያደርጉ ነበሩ፤ ደርሰው እጅ የሚስሙ። ደንቡ የተሠራው ይህ እንዳይሆን ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ድምፁ እንደገና መጣ፤ ፍጥነቴን ጨመርኩ። እየሳቅሁ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ከአንዲት ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት አመለጥኩ ብዬ፣ መኪና ውስጥ ገብቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጌ ቡና ልጠጣ ሄድኩ።

ድምፁ የስቃይ ነበር ወይ ተብዬ ብጠየቅ መልስ የለኝም። የሰማሁት ልሰማ የፈለግሁትን ነው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ የሕንጻው ጠባቂ ሽታ ሸትቶት በሩን ከፈተ። ናኦሚ ያነሣቻት ፔሳ ሊክተር ወጥ ቤቱ በር ላይ ወድቃ ነበር። ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ስልኩ ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሣጥኑ እንዳስቀመጥኩት ውጭ ነበር፤ ከእንቁላሉ አንድም አልተሰበረም።

እዚያው ሄድኩ። ፊት ለፊት የምትኖረውን ኢታ ብሎክ የምትባል መበለት በሯ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ወይዘሮ ብሎክ፣ ይህን ሣጥን አላዩትም?»

«አየሁት እንጂ። ዓይኔ ደህና ነው።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ?»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ በአጠገቡ አለፍኩ። ቆሻሻ ስጥል አለፍኩ፣ ምኩራብ ስሄድ አለፍኩ።»

«ታዲያ ለምን ለሰው አልተናገሩም?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«እንዳናይ ያስተማራችሁን እናንተ አይደላችሁ እንዴ? የኔ ሲቀመጥ እሷ አታይም፣ የሷ ሲቀመጥ እኔ አላይም። ሃያ ዓመት በዚህ ተከባብረን ኖርን። አነሳሁት ማለት አወቅሁብሽ ማለት ነው። ለበዓል ወንድሟ ጋ ሄዳ ይሆናል አልኩ፣ አለቀ። አሁን ደግሞ ለምን አላየሽም ትሉኛላችሁ?»

ሣጥኑን አንሥቼ ደረጃውን ወረድኩ።

ሐኪሙ የሞተችበትን ቀን መለየት አልችልም አለ፤ ቀኑ ቆይቷል። ቦርዱ ተሰበሰበ። ናኦሚ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። ማርቪን ፋይሉን ገለጠ።

«የኔ ልጅ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ስልክ መደወል ያንቺ ሥራ ነው። የበዓሉን ሳምንት ተዘግተን ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለው ማክሰኞ ቦታ ግን ባዶ ነው።»

«ደውያለሁ፣ አቶ ሾትላንድ። ደህና ነበሩ። ነገ ሣጥን ይመጣልዎታል ብያቸው፣ መራራ ሥሩ ባለፈው ዓመት አልመረረም ብለው አስቀውኛል። ከዚያ ሣጥን ሳሽግ አመሸሁና ሳልጽፈው ቀረሁ።»

«ሳትጽፊው ቀረሽ።»

«አዎ።»

ማርቪን ወደኔ ዞረ።

«አርሊን፣ ረቡዕ ደጇ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ። የሰማሽው ነገር አለ?»

ናኦሚ ቀና ብላ አየችኝ። በጥርጣሬ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ያየችኝ በተስፋ ነው። አዎ ብል ሴትዮዋ ረቡዕ በሕይወት ነበረች ማለት ነው፤ የማክሰኞው ስልክ ነገር እዚያው ያከትማል፣ ልጅቷ እንጀራዋን ይዛ ትቀጥላለች። አዎ ብል ደግሞ እኔ ማን እሆናለሁ? «እባካችሁ ቆዩኝ» እየተባልኩ በሳቅ ደረጃ የወረድኩ ሴት። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ደንቤን በየስብሰባው እየጠቀሱ ያሞግሱኝ የነበሩ ናቸው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ምንም» አልኩ። «ደወልኩ፤ ጸጥ ያለ ነበር፤ ሄድኩ።»

«እንግዲያው ቀድማ ነው የሞተችው» አለ ማርቪን፤ ትከሻው ሲላላ አየሁ። ደንቡም ዳነ፣ ዳይሬክተሯም ዳነች። የቀረችው ናኦሚ ናት።

የስንብት ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ልትወስደው ቢሮዬ ስትገባ አልተቀመጠችም።

«ሌላው ይቅር» አለችኝ። «እርስዎ ግን መደወሌን ያምኑኛል?»

«ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«እሺ» ብላ ወጣች። ብርቱካኗን ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ረስታ ሄደች። ስንት ቀን እንደ ተቀመጠ አላስታውስም፤ ጽዳቷ ናት የጣለችው።

የለቅሶው ሰባት ቀን ሲያልቅ የሟች ወንድም መጣ። ዘሊግ ሮስነር ይባላል፤ ከሞንትሪያል ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ የደረሰ የሰማንያ ዓመት ሰዓት ሠሪ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እከሳችኋለሁ የሚል መስሎኝ ነበር።

«አላስቸግርዎትም» አለ። «የቸገረኝ ቀኑ ነው። በየዓመቱ በሙት ዓመቷ ቀን ሻማ የማበራላት እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጅ የላትም። በስንተኛው ቀን ላብራ? ረቢያችንን ጠየቅሁት። ረቡዕ በሕይወት መኖሯን የሚያውቅ ሰው ካለ ከዚያ በኋላ እንፈልጋለን፤ ከሌለ ግን ማክሰኞን ያዝ፣ በኛ አቆጣጠር የኒሳን ወር አሥራ አንድን አለኝ። ረቡዕ የነበሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ድምፅ አልነበረም?»

ይህ ሰው ቦርድ አልነበረም። ከሥራ የሚያባርረኝ፣ በጋዜጣ የሚያወጣኝ ሰው አልነበረም። የጠየቀኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱንም ከለከልኩት።

«አልነበረም» አልኩ።

ዓይኑን ጨፈነ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ወድቃ ሰው ስትጣራ ቆየች ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ቶሎ ሄዳለች ማለት ነው።» ተነሥቶ ሁለት እጄን ያዘ። «እናንተ ደግ ሰዎች ናችሁ። ሣጥኑን ትወደው ነበር። ማን እንደሚያመጣው አላውቅም፣ አንድ ቀን ሮጬ እይዘዋለሁ ትለኝ ነበር።»

በሁለቱ ዓመታት ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ሁለቱም አንድ ናቸው፦ «እንደ ነገሩኝ በኒሳን አሥራ አንድ አብርቻለሁ።» ያ ሻማ አንድ ሙሉ ቀን ነዶ፣ ማታ ፀሐይ ስትገባ ይጠፋል። እህቱ «ቆዩኝ» ያለችኝ በአሥራ ሁለት ነው። ሽማግሌው ሻማው ሲያልቅ የነደደበትን ብርጭቆ አጥቦ ያስቀምጣል፤ እሷ ግን በማግስቱም ወለሉ ላይ ናት፣ ትጣራለች። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሞቷን እንኳ ከእጇ ወስጄ ሌላ ቀን ሰጠኋት።

ደንቡን በተመለከተ፣ በዓመቱ አንድ ነገር ጨመርንበት፤ ሣጥን ከደረሰ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልክ ተደውሎ «ሣጥኑን አነሱት?» ተብሎ ይጠየቃል። የናኦሚ ሐሳብ ነበር፣ ከስንብቷ በፊት በጽሑፍ ትታው የሄደችው። በመጽሔታችን ላይ የወጣው በኔ ስም ነው። ማርቪን ሐሙስ ዕለት ይህንንም ያነሣዋል፤ ከንግግሩ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።

ናኦሚ አሁን የገበያ ማዕከሉ ውስጥ መነጽር ትሸጣለች። ሌላ ድርጅት ሊቀጥራት ሲያስብ ስለሷ የሚጠይቀው እኔን ነው፤ እኔም «ትጉህ ነበረች፣ መዝገብ አያያዟ ላይ ግን...» ብዬ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን ሁሉም ያውቁበታል።

ባለፈው እሑድ ለናኦሚ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ድምፁን፣ ደረጃውን፣ ሳቄን፣ ሁሉንም። ከታች ፈረምኩ፤ ለቦርድም ለሟች ወንድምም እንድታሳየው፣ ለፈለገችው ሁሉ እንድታሳየው ፈቅጃለሁ ብዬ ጨመርኩ። በፖስታ ቤት ልልከው እችል ነበር። አይሆንም አልኩ፤ አንድ ጊዜ እንኳ በር ላይ ቆሜ ፊት አይቼ ልስጥ።

የምትኖረው ሴዳር መንገድ ላይ፣ ምድር ቤት ነው። ቀትር ነበር፣ ፀሐይ። መኪናዬን ከመንገዱ ማዶ አቁሜ ተሻገርኩ። ምንጣፉ ላይ የልጅ ቦት ጫማ አለ፤ ልጅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ፖስታውን በቀኝ እጄ ይዤ በግራዬ ደወልኩ።

ከውስጥ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ከዚያ ድምፅዋ፣

«ቆዩ፣ መጣሁ።»

እንድቆም አስቤ ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም፣ አስቤ ነበር። ወደ ራሴ ስመለስ መንገዱን ተሻግሬ የመኪናዬን በር እየዘጋሁ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያሠለጠንኩት እግር ነው። ቁልፉን ላስገባ ስል ፖስታው አሁንም እጄ ውስጥ ነበር።

ናኦሚ በሩን ከፍታ ወጣች። እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ አንዴ እኛ ዘንድ ሠርታለችና፣ ጎንበስ ብላ የተቀመጠ ነገር ካለ ብላ ደጃፉን ተመለከተች። ምንም አልነበረም።